ሎሽን፣ ሳሙናና ሽቶ ስንገዛ፦ መዓዛ ያለው፣ የሌለው ወይስ "ተፈጥሯዊ" የተባለው?

እህቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ቅዳሜ ዕለት ከአራት ኪሎ ተነስተን ራስ መኮንን ድልድይን ተሻገርንና ፒያሳ ወጣን። የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰውነት ሎሽን። ሆዷ እየተወጠረ ስለሆነ ያሳክካታል። የበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ብሶበታል።

አንድ ሱቅ ገባን። መደርደሪያው ላይ የአንድ ኩባንያ ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቀለማቸው ያው፣ ስማቸው ያው። የአንደኛው ክዳን አቧራ ጠጥቷል፤ ዋጋውም ቀነስ ብሏል። "የድሮው ይሻላችኋል፣ መዓዛው ይቆያል" አለን ባለሱቁ። ሁለቱንም አገላብጬ ከጀርባ ያለውን ዝርዝር አነበብኩ። የድሮው ዝርዝር መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ስም አለ። አዲሱ ላይ የለም።

ባለሱቁ ስለዚያ ስም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አልፈርድበትም፤ ማን ነግሮት! ግን እኔ ስሙን ባላውቀው ኖሮ ርካሹን ይዘን እንወጣ ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ሱቅ ቆማችሁ "ይሄኛው ወይስ ያኛው?" ስትሉ የምትይዙት መለኪያ እንዲኖራችሁ።

ያ ረጅም ስም

ስሙ ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል ነው። በንግድ ስሙ ሊሊያል ይባላል። ሁለት ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው "ቢ" በሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለተኛው በ"ኤም"። ኢንተርኔት ላይ ለመፈለግ የመለያ ቁጥሩ 80-54-6 ነው።

አውሮፓ ውስጥ በጸደይ የምታብብ፣ ደወል የምትመስል ትንሽ ነጭ አበባ አለች። መዓዛዋን ሁሉም ይወዳል። ችግሩ ከአበባዋ ለገበያ የሚበቃ ዘይት ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ሽቶ ቀማሚዎች መዓዛዋን በኬሚስትሪ ያስመስሉታል። ሊሊያል ከእነዚያ ማስመሰያዎች አንዱ ነው። ለአሥርት ዓመታት በሻምፑ፣ በሎሽን፣ በዲኦድራንት፣ በልብስ ሳሙና፣ በርካሹም በውዱም ሽቶ ውስጥ ገብቷል። "ንጹሕ ንጹሕ ይሸታል" የምንለው ሽታ ውስጥ ብዙ ጊዜ እሱ ነበረበት።

የአውሮፓ ኅብረት የካቲት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 2022) ጀምሮ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ እንዳይኖር ከልክሎታል። ምክንያቱ በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናቸው። በአፍ የተሰጣቸው ወንድ አይጦች የዘር ፍሬያቸውና የዘር ፈሳሻቸው ተጎድቷል። የአይጧ ሰውነት ሊሊያልን ወደ ሌላ አሲድ ይለውጠዋል፤ ጉዳቱን የሚያደርሰውም ያ አሲድ ነው። የአውሮፓ ምደባ "በሰው ላይም የመራባት ጉዳት ያደርሳል ተብሎ የሚገመት" በሚለው ክፍል፣ 1ለ በሚባለው፣ አስቀመጠው።

"የሚገመት" የሚለውን ቃል ልብ በሉ። አንድ ሰው ሎሽን ተቀብቶ መካን ሆነ የሚል ማስረጃ የለም። ምደባው የተሠራው ከእንስሳት ጥናት ተነስቶ ነው። አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ አልከለከለችውም። ስለዚህ ለዓመታት ስትቀቡ የነበረ ሰዎች ብትሆኑ አትደንግጡ።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ የሸማቾች ደኅንነት ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ሲያይ፣ ያየው እያንዳንዱን ምርት ለየብቻ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ሻምፑ፣ ቀጥሎ ሎሽን፣ ቀጥሎ ዲኦድራንት፣ በላዩ ላይ ሽቶ። ሁሉም ሲደመር "ደኅና ነው ማለት አይቻልም" አለ። አንድ ማንኪያ ጨው ወጥ አያበላሽም። አምስት ሰው እየመጣ አንዳንድ ማንኪያ ሲጨምርበት ግን ወጡ አይበላም።

መጀመሪያ የሚጠየቁ ሁለት ጥያቄዎች

ዋጋውን፣ አገሩን፣ "ኦሪጅናል ነው" መባሉን ለጊዜው ተዉት። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ። ይህ ነገር ቆዳ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል? የሚቆየውስ በማን ቆዳ ላይ ነው?

የአውሮፓ ሕግ ራሱ በዚህ መንገድ ነው የሚያስበው። ለአለርጂ የታወቁ 26 የመዓዛ ንጥረ ነገሮች ነበሩ፤ በስማቸው መጻፍ ግዴታ ነው። ቆዳ ላይ በሚቆይ ምርት ውስጥ ከ0.001% ካለፉ ይጻፋሉ። በሚታጠብ ምርት ውስጥ ግን ከ0.01% ሲያልፉ ነው። አሥር እጥፍ ልዩነት አለው። ሎሽን ሌሊቱን ሙሉ አብሮን ያድራል፤ ሳሙናው ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ሊሊያልም ከ26ቱ አንዱ ስለነበረ ነው በስሙ ላገኘው የቻልኩት። አሁን ዝርዝሩ ሰፍቶ ከ80 በላይ ሆኗል። አዳዲስ ምርቶች ከሐምሌ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቀድሞ ገበያ ላይ የነበሩት ደግሞ እስከ ሐምሌ 2020 ዓ.ም. ድረስ በአዲሱ ዝርዝር እንዲጽፉ ታዟል። ስለዚህ ወደፊት የምትወዱት ሎሽን ጀርባ ላይ ድንገት ብዙ ስም ብታዩ ምርቱ ተበላሸ ብላችሁ አትፍሩ። ድሮም የነበረው በስሙ መጠራት ጀመረ ማለት ነው።

የድሮው ጠርሙስ ወይስ አዲሱ?

ይህ ቀላሉ ነው። አዲሱ። ነገር ግን የትኛው የድሮ እንደሆነ ማወቁ ይከብዳል።

በአውሮፓ ደንብ አንድ መዋቢያ ሳይከፈት ከ30 ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ የማብቂያ ቀን መጻፍ የለበትም። በምትኩ ክዳኑ የተከፈተ የቆርቆሮ ሥዕል ይደረግበታል። ውስጡ 12 ከተጻፈ፣ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ማለት ነው። ጠርሙሱ ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደቆመ ግን ሥዕሉ አይነግራችሁም። ከእገዳው በፊት የተመረተ፣ መጋዘን ያደረ፣ ከዚያ በሻንጣ ወይም በኮንቴይነር መጥቶ እዚህ የሚሸጥ ዕቃ ሊኖር ይችላል። ፒያሳ ሲፈርስ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሌላ ቦታ የከፈቱ ሱቆች አሉ። ከካርቶን ውስጥ የድሮ ዕቃ ቢወጣ አይገርመኝም።

ስለዚህ ቀን ፍለጋ አትድከሙ፤ ዝርዝሩን አንብቡ። መዓዛ የሚለው ቃል፣ "ፓርፉም" ወይም "ፍራግራንስ" ተብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ወደ መጨረሻው ነው። እሱን አግኙና ከእሱ በኋላ ያሉትን ስሞች እዩ። ፊደሉ ደቃቃ ነው። በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አጉሉት። ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ግድ የላችሁም፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

እዚያው ዝርዝር ውስጥ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ኤችአይሲሲ ወይም ላይራል የሚባለው፣ ያቺኑ ነጭ አበባ የሚያስመስል ሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን "ሃይድሮክሲአይሶሄክሲል 3-ሳይክሎሄክሲን ካርቦክስአልዴሃይድ" ተብሎ ነው የሚጻፈው። ብዙ ሰዎች ላይ አለርጂ ስላስነሳ አውሮፓ ውስጥ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወዲህ አይሸጥም። የድሮ ዲኦድራንት ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ስሙ አልተጻፈም ማለት ሁልጊዜ የለም ማለት አይደለም። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ዕቃ ካልሆነ አምራቹ "ፓርፉም" ብሎ ብቻ ማለፍ ይችል ይሆናል። በዚያ አንድ ቃል ሥር በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ንጥረ ነገሮች ይገባሉ። እንግዲህ ሁለት ጠርሙስ ካነጻጸራችሁ፣ "ፓርፉም" ብሎ ዝም ካለው ይልቅ ስሞቹን አንድ በአንድ የዘረዘረውን አስቀድሙ። ብዙ ስም ማየት ያስፈራል፤ ግን ቢያንስ የሚናገረውን ታውቃላችሁ።

ተፈጥሯዊ የሚባለው ይሻላል?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ጓደኞቼ የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

"ኬሚካል የለውም፣ ከዕፅዋት ነው" ሲባል ልባችን ይረጋጋል። ግን ያ የጠርሙሱ ጀርባ ላይ የምናየው ባዕድ ስም ሁሉ ባዕድ አይደለም። እናቶቻችን ቅመም ማስቀመጫ ውስጥ አለ።

ሊናሎል የሚለውን አይታችሁ ይሆናል። ድንብላልን አሽታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? የድንብላል ፍሬ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊናሎል ነው። ላቬንደርም ውስጥ በብዛት አለ። ሊሞኒን? የብርቱካን ልጣጭ በጣታችሁ ስትጫኑት የሚረጨው ዘይት ከሞላ ጎደል እሱ ነው። ዩጂኖል ቅርንፉድ ነው። ሲናማል ቀረፋ ነው። ሲትራል ደግሞ ጠጅ ሳር። አምስቱም ከእነዚያ በስማቸው ይጻፉ ከተባሉት 26 ውስጥ ናቸው።

ወጥ ውስጥና ሻይ ውስጥ ሲገቡ ያለ ሥጋት እንበላቸዋለን። ቆዳ ሌላ ነው። የተጣራ ዘይታቸው በየቀኑ ሲቀባ የሰውነት መከላከያ እንደ ጠላት ሊመዘግባቸው ይችላል። አንዴ ከመዘገበ አይረሳም። አለርጂው ዕድሜ ልክ ይቆያል።

ሊናሎልና ሊሞኒን ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ትኩስ ሳሉ ብዙም አያስቸግሩም። አየር ሲነካቸው ግን ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዱና ሃይድሮፐርኦክሳይድ ወደሚባሉ ነገሮች ይለወጣሉ። አለርጂ በብርቱ የሚያስነሱት እነዚያ ናቸው። ስለዚህ ክዳኑ ላልቶ ወራት የቆየ "ንጹሕ የላቬንደር ዘይት" ትናንት ከተከፈተው የባሰ ነው። ክዳኑን ጠበቅ አድርጉ፤ ከፀሐይና ከሙቀት አርቁት። መንገድ ዳር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ዘይት ርካሽ ቢሆንም እኔ አልገዛም።

ለጋ ቅቤስ? ፀጉር ላይ የሚደረገው ቅቤ ብቻውን ሲሆን ሽቶ የለበትም፤ በዚህ በኩል ጥሩ ምርጫ ነው። አደስ ሲቀላቀልበት የአደሱ ዘይት ይጨመራል። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። ፀጉሯን በተቀባች ማግስት ግንባሯና አንገቷ የሚያሳክካት ሴት ግን ቅቤውን ሳይሆን መጀመሪያ አደሱን ትጠርጥር።

መዓዛን በተመለከተ እኛ እንግዳ አይደለንም። ዝባድ ከዚህ አገር በቀንድ ተሞልቶ ወደ ውጭ ሲሄድ ዘመናት አልፈዋል። የዝባዱን ሽታ የሚሰጠው ሲቬቶን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ኬሚካላዊ መዋቅሩን የገለጠው ኬሚስት ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1939 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። መዓዛ እወዳለሁ። የማወራው ስለምወደው ነው።

ለማጠቃለል አይደለም፤ ለመምረጥ ብቻ፦ "ተፈጥሯዊ መዓዛ ያለው" ከ"ሰው ሠራሽ መዓዛ ያለው" ጋር ሲወዳደር፣ ለአለርጂ ተጋላጭ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው የተሻለ ነው ብዬ አልመክርም። ለእሱ የሚሻለው መዓዛ ጭራሽ ያልተጨመረበት ነው።

"ሽታ የሌለው" እና "መዓዛ ያልተጨመረበት"

እነዚህ ሁለቱ ይምታታሉ። "ሽታ የሌለው" የተባለ ምርት የራሱን መጥፎ ሽታ ለመሸፈን ትንሽ ሽቶ ሊገባበት ይችላል። አፍንጫችን አይሰማውም፤ ቆዳችን ግን ይሰማዋል። "ፍራግራንስ ፍሪ" የሚለው ከዚያ ይሻላል። እሱንም ቢሆን ዝርዝሩን አይታችሁ፣ "ፓርፉም" የሚል ቃል እንደሌለ አረጋግጡ።

ፋርማሲ ብትገቡ ደግሞ ርካሽ አማራጭ አለ። ንጹሕ ቫዝሊን አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ነው ያለው። ከሻወር በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ በስሱ ከተቀባ ውሃውን ይይዘዋል። ግሊሰሪንም ጥሩ ነው። ግን ብቻውን በደረቅ ቆዳ ላይ አትቀቡት፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር። ውሃ የመሳብ ጠባይ ስላለው ከአየር ካላገኘ ከቆዳችሁ ይወስዳል። በውሃ አቅጥኑት፣ ወይም እርጥብ ቆዳ ላይ ቀቡት። ቫዝሊኑም ስትገዙ እዩት፤ ሽቶ የተጨመረባቸው "የሕፃን" የተባሉ ዓይነቶች አሉ።

ታዲያ ከየትኛው እንጀምር?

ሁሉንም በአንድ ቀን ቀይሩ አልልም። ኑሮው አይፈቅድም። ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ ሎሽኑን ቀይሩ። ሰፊውን ቆዳ የሚሸፍነውና ረጅሙን ሰዓት የሚቆየው እሱ ነው።

ቀጥሎ ዲኦድራንት። ብብት የተዘጋ፣ የሚሞቅ፣ የሚላብ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ምላጭ ያልፍበታል። የተላጨ ቆዳ ላይ ወዲያው መቀባት ያቃጥላል፤ የሚያልፈውም ይበዛል። ማታ ተላጭታችሁ ጠዋት ተቀቡ። በሮል የሚቀባውና የሚረጨው ሲወዳደሩ፣ እኔ አስም ላለበት ሰው የሚቀባውን እመርጣለሁ። የሚረጨው ሳንባም ውስጥ ይገባል። ቤት ውስጥ ለሚተኛ ሕፃንም እንዲሁ።

ሻምፑና ሳሙና ሦስተኛ ናቸው። ይታጠባሉ። ችፌ ከሌለባችሁ፣ ነፍሰ ጡርም ካልሆናችሁ፣ የምትወዱትን መዓዛ እዚህ ላይ ብታስቀሩት ቅር አይለኝም። በደንብ ማለቅለቅ ብቻ ነው። ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት በአንድ ጆግ ታጥበን የምንወጣ ሰዎች ግን ይህን እናስብበት፤ ሳሙናው በደንብ ካልለቀቀ "የሚታጠብ" መሆኑ ቀረ።

ሽቶ? ሽቶውን ከአንገት ወደ ልብስ አውርዱት። ኮት ላይ፣ ስካርፍ ላይ ሲረጭ መዓዛው እንዲያውም ይቆያል፤ ቆዳውም ያርፋል። ነጭ ሐር ወይም የሀበሻ ቀሚስ ላይ ግን አትሞክሩት፣ ሊያበላሸው ይችላል።

በጠዋት ታክሲ የሚሄድ ሰው ደግሞ ይህን ያውቀዋል። መስኮት ተዘግቷል፤ "ንፋስ ይመታኛል" የሚል ሰው አይጠፋም። አሥራ ሁለት ሰው፣ አሥራ ሁለት ሽቶ። አስም ያለበት ወይም ማይግሬን የሚያመው ሰው ከሜክሲኮ አራት ኪሎ እስኪደርስ ይሰቃያል። ስለዚህ ጠዋት አንዴ መርጨት ይበቃል።

የታሸገ ሽቶ ወይስ የሚቀዳ?

ከመርካቶ በሚሊ ሊትር እየተቀዳ የሚሸጠውን ሽቶ ብዙዎቻችን ገዝተናል። መዓዛው ደስ ይላል፤ ዋጋውም ይቻላል። ነገር ግን ትንሿ ብልቃጥ ላይ ምንም አልተጻፈም። ከየት መጣ፣ መቼ ተሠራ፣ ሊሊያል አለበት ወይ፣ በምን ቀጠነ፣ አናውቅም። ቆዳችሁ ላይ ሽፍታ ቢወጣ ሐኪሙ "ምን ተቀባሽ?" ሲል መልስ የላችሁም።

ዝርዝር ያለው ርካሽ ሽቶ ዝርዝር ከሌለው "ኦሪጅናል" ይበልጥብኛል። የሚቀዳውን ካልተዋችሁት ደግሞ ቆዳ ላይ ሳይሆን ልብስ ላይ ብቻ አድርጉት፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ቢቀርባቸው ይሻላል።

መዋቢያ ምርቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የተጠራጠራችሁት ዕቃ ካለ በነጻ መስመሩ 8482 ጠቁሙ። ቤት ቁጭ ብሎ ከማማረር ይሻላል።

ልብስና ቤት

የልብስ ሳሙናው፣ ማንኛውንም ዱቄት "ኦሞ" ነው የምንለው፣ ታጥቦ ይሄዳል። ማለስለሻው ግን የተሠራው ልብሱ ላይ እንዲቀር ነው። መዓዛው ለሳምንት የሚቆየው ለዚህ ነው። አንሶላና የውስጥ ልብስ ላይ ማለስለሻውን ተዉት። መጋረጃ ላይ አድርጉት ከወደዳችሁ።

ናፍታሊን ደግሞ እናቶቻችን ሻንጣ ውስጥ የሚጥሉት ነጭ ኳስ ነው። ሽታው ብዙዎቻችንን ልጅነታችንን ያስታውሰናል። አውሮፓ ለብል መከላከያነት እንዳይሸጥ ያገደችው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ለአዋቂ ልብስ ማስቀመጫም አልወደውም፤ የሕፃን ልብስ ያለበት ሻንጣ ውስጥ ግን በፍጹም አትጣሉት። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የጎደላቸው ሕፃናት አሉ። ናፍታሊን የነካው ልብስ ለብሰው ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ፣ ቢጫ ሊሆኑ ይችላሉ። እስኪታመሙ ድረስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ አይታወቅም። የተቀመጠ የታላቅ ልጅ ልብስ ከሻንጣ ስታወጡ ለአራስ ከማልበሳችሁ በፊት እጠቡት፣ ውጭ አናፍሱት።

ዕጣን፣ ሰንደልና የሚረጭ የቤት ሽቶ ቢወዳደሩስ? ዕጣን ያለ ቡና አይሆንልንም፤ እኔም አልተውም። ጢስ ግን ጢስ ነው። ደቃቅ ብናኝ አለው፣ ከሰሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። መስኮት ከፍታችሁ አጢሱ። ሰንደልም ያው ጢስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የምን ሽቶ እንደተነከረበት አይጻፍም። የሚረጨው ጢስ የለውም፣ ግን ሽቶውን ቀጥታ ወደ አየሩ ይበትነዋል። ለዘወትሩ ከሦስቱም የሚሻለው መስኮት መክፈትና ቆሻሻውን በጊዜ ማውጣት ነው። ወይባ ጢስ ለነፍሰ ጡር ሙቀቱም ጢሱም አይመከርም።

ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር

እዚህ ላይ ማመዛዘን አያስፈልግም። ሕፃን የራሱ ጥሩ ሽታ አለው። ሎሽኑም ዘይቱም መዓዛ ያልተጨመረበት ይሁን። የሕፃን ሥዕል የተለጠፈበት ሁሉ ለሕፃን የተመቸ አይደለም፤ ሥዕሉን ትታችሁ ዝርዝሩን እዩ። እትዬዎቻችን ሲስሙት "ምነው አይሸትም?" ቢሉ ቅር አይበላችሁ።

ነፍሰ ጡርም እንዲሁ ቆዳ ላይ የሚቆየው ሁሉ ያለ መዓዛ ቢሆን እመክራለሁ። ሊሊያል ያለበት ደግሞ ከቤት ይውጣ። ይህ ጥንቃቄ ነው። የተቀባችሁት ነገር ካሳሰባችሁ በእርግዝና ክትትል ቀናችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

አዲሱን ከመጀመራችሁ በፊት

በአውሮፓ ከመላው ሕዝብ ከ1 እስከ 3% የሚሆነው ሰው ለመዓዛ ንጥረ ነገር አለርጂ እንዳለው ይገመታል። ችፌ ካለባቸው ሰዎች መካከል ግን ቁጥሩ ወደ 16% ይደርሳል። እናንተ ከየትኞቹ እንደሆናችሁ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ክንዳችሁ በሚታጠፍበት በውስጥ በኩል ትንሽ ቀቡ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን። ካልቀላና ካላሳከከ ቀጥሉ።

አንድ ቀን ቀብቶ "ምንም አላለኝም" ማለት አይበቃም። የመዓዛ አለርጂ ቶሎ አይናገርም። ሽፍታው ከተቀባ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው ሰው ትናንት የበላውን ምግብ ሲጠረጥር የሚከርመው። ደግሞ ለዓመታት ስትቀቡት የነበረ ነገርም አንድ ቀን ሊነሳባችሁ ይችላል። ሽፍታው የዓይን ቆብ፣ አንገትና ብብት ላይ ከሆነ መዓዛን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ። ሁሉንም አቁሙና አንድ በአንድ መልሱ። ካልተሻለ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ስትሄዱ ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ ቅባት እየገዛችሁ አትቀቡ።

እህቴ ያን ቀን ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዱንም አልገዛችም። አዲሱ ሊሊያል ባይኖረውም "ፓርፉም" ነበረበት፤ ለሌላ ጊዜ አለችው። ወደ ጊዮርጊስ ስንወጣ ካለው ፋርማሲ ትልቅ ቫዝሊንና አንድ ግሊሰሪን ይዛ ወጣች። ማሳከኩ በሳምንቱ ቀነሰ። ሽቶዋን ግን አልተወችም። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጥቁር ስካርፏ ጫፍ ላይ አንዴ ትረጫለች።